የጻፈው ሰው የት ቆሟል?

ስለ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው አልወድም። ካርቱም ውስጥ «ወረቀት አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ደላላ ነው፣ ወይ ለሁለቱ ወሬ የሚያቀብል ነው። ሌላ ዓይነት ሰው አላውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ዩማ፣ ኡስታዙ ከቤታችሁ ወረቀት አምጡ ብሎናል» ስትለኝ፣ የምዘፈዝፈውን ልብስ ትቼ፣ እጄን እንኳ ሳላደርቅ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።

ዩማ የምትለኝ እዚያው ተወልዳ ስላደገች ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እናቱን የሚጠራው እንደዚያ ነው። አስተማሪያቸውንም ኡስታዝ ይሉታል።

«የምን ወረቀት?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ማንኛውንም። ተረት ብቻ አይሁን። ስለ እውነተኛ ነገር የሚያወራ ወረቀት።»

«እኛ ቤት ወረቀት የለም።»

«አለ እንጂ! ትራስሽ ውስጥ…»

«የለም አልኩሽ! ቢጠይቅሽም የለም በዪው። ቤታችሁ ስንት ሰው ይኖራል ቢልሽም አላውቅም በዪ።»

«እሱን አልጠየቀም።»

«ይጠይቃል» አልኳት።

ይህ የሆነው ከተማው በጦርነት እንዲህ ሳይሆን፣ ሰፈራችን ዴም ገና ዴም ሳለ ነው። አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ቧንቧውን ከአምስት ቤት ጋር እንጋራለን። እኔ አርካዊት በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት በተመላላሽ እሠራለሁ። ትራሴ ውስጥ የደበቅኩት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ከሻ ወጣ ሲባል፣ ማለት ፖሊስ መንገድ ዘግቶ እኛን ሲያፍስ፣ በሬን ቆልፌ ውስጥ እቀመጣለሁ። እኔ ብታፈስ ልጄን ማን ከትምህርት ቤት ይቀበላታል? የልጄ አባት እሷ አራት ዓመት ሳይሞላት በሊቢያ በኩል እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ትምህርት ቤቱ ሳጃና የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤት እንበለው እንጂ የተከራዩት ግቢ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ የኒም ዛፍ። የኛ ሰዎች ተረዳድተው የከፈቱት ነው። ልጆቹ አማርኛም ዐረብኛም ሒሳብም ይማራሉ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀናታል። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አማርኛ በዝግታ አነባለሁ። ዐረብኛ ግን እሰማለሁ፣ እናገራለሁ እንጂ ጽሑፉ ሲዘረጋ ለኔ የተበተነ ክር ነው።

አስተማሪው ወጣት ነው። ጧት ጧት ግንባታ ቦታ ብሎኬት ይሸከማል፤ ከዐሥር ሰላት በኋላ አማርኛ ያስተምራል፤ የጧቱን ሒሳብ የሚያስተምረው ሌላ ሰው ነው። ጫማው ላይ ሁልጊዜ ሲሚንቶ አለ። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ ይላል። እንደሱ ያሉትን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ ካርቱምን እንደ አውቶቡስ ማቆሚያ ነው የሚያዩዋት። አንድ ጧት ቦታቸው ባዶ ይሆናል። ታዲያ መንገደኛ ሰው የሰው ልጅ ማስተማር ምን ያደርግለታል? ያውም በነጻ በሚባል ጥቂት ገንዘብ? የምን ደግነት ነው? ይህን ለጎረቤቴ፣ ግድግዳ ለምንጋራት የደሴ ሴት ነገርኳት።

«ወረቀት አምጡ አለ?» አለችኝ የምትለቅመውን ምስር ሳትተው። «በቃ፣ ሊያገባሽ ነው። መጀመሪያ ኢቃማሽን ሊያይ ነው።»

«አትቀልጂ።»

«ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ሲያይ ይተውሻል፤ አይዞሽ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እሷንም ቢሆን፣ ኢቃማዬ ማለፉን ማን ነገራት ብዬ ማታውን ሙሉ ሳስብ አመሸሁ።

እውነቱን ልናገርና ያን ሳምንት ስለ ወረቀት እንዲህ የተርበተበትኩበት ምክንያት ነበረኝ። ጡቴ ሥር፣ በፌስታል ጠቅልዬ የያዝኩት አንድ ወረቀት ነበር። ማዳሟ የሰጠችኝ ነው። ፖርት ሱዳን የምትኖር እህት አለቻት፤ ለመውለድ ደርሳለች። «እሷ ዘንድ ሂጂ፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ልጅሽንም ይዘሽ ሂጂ፤ ባሕር ታያለች፤ ትምህርት ቤትም እዚያ አለ» ብላኛለች። ኢቃማሽን ወንድሜ ያሳድስልሻል ብላኛለች። እሑድ ጧት መኪናቸው ዕቃ ጭኖ ይሄዳል፤ እኔና ልጄም አብረን እንሄዳለን። ወረቀቱን ለእህትየዋ በእጄ እሰጣለሁ። ፖስታው እንኳ አልታሸገም።

ወረቀቱ በተሰጠኝ ዕለት ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱን ፖሊስ አስቆመው። «ኢቃማ!» አለኝ አንዱ። ዝም ብዬ ያን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ። አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ ወረቀቱን። ከዚያ ሳቀና «ያላ፣ ኻልቲ፣ ሂጂ» ብሎ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፣ መለሰልኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምን ዓይነት ደግ ወረቀት ቢሆን ነው ፖሊስ የሚያስቅ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰውነቴ አልለየሁትም። ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ ፖሊስ በደግ ነገር ይስቃል? ግን የተረፈ ሰው ብዙ አይመረምርም።

ዓርብ ዕረፍቴ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኳትና የተመለስኩ መስዬ ከዛፉ ሥር፣ ከመስኮቱ ጎን ተቀመጥኩ። መጋረጃው ቀዳዳ ነበረው። ይህ ሰው ልጆቹን ምን እያለ ነው ወረቀት የሚያስመጣቸው? በጆሮዬ ልስማ ብዬ ነው።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ጽሑፍ ጽፏል። ልጆቹ አንዱን ጮክ ብለው አነበቡ። እንዲህ ይላል፤ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች የእግር መንገዱን በበርጩማ ሞልተውታል፤ እግረኛው ወርዶ በመኪና መንገድ ይሄዳል፤ የከሰላቸው አመድ ቦዩን ይደፍነዋል። ሁለተኛውን አነበቡ፤ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ገና ሱብሒ ሳይሰገድ ይወጣሉ፤ ሥራ ፈላጊው እነሱ ዘንድ ተቀምጦ አሠሪ ያገኘዋል፤ በዚህ ጎዳና ላይ ከነሱ ዣንጥላ ሌላ ጥላ የለም።

«እሺ» አለ። «ከሁለቱ የዋሸው የቱ ነው?»

«የመጀመሪያው!» ሁሉም አንድ ላይ።

«ምኑን ዋሸ?»

ሰሌዳውን መልሰው ማንበብ ጀመሩ።

«ጎዳናውን ዛሬ አይታችሁታል። አመድ ቦዩ ውስጥ የለም?»

«አለ።»

«ሰው በመኪና መንገድ አይሄድም?»

«ይሄዳል፤ እኔን ሪክሻ ሊገጨኝ ነበር» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

«ታዲያ አልዋሸም። ሁለተኛውም አልዋሸም። ሁለቱም ስለ አንድ መንገድ፣ ስለ እነዚያው ሴቶች እውነቱን ጻፉ። ለምን ተለያዩ?»

«የመጀመሪያው ሰውዬ ሻይ አልሰጡትም!» አለ አንዱ ከኋላ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከውጭ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለ አስተማሪው፣ እሱም እየሳቀ። «ግን ከጽሑፉ ብቻ እንፈልገው። ሰውዬው የት ቆሞ ነው የሚያየው?»

ያኔ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። «የመጀመሪያው መኪና ውስጥ ነው ያለው» አለች። «መንገድ ተዘግቶበታል። ሁለተኛው በርጩማው ላይ ተቀምጧል።»

አስተማሪው ጠመኔውን አስቀመጠ። «በቃ። ተረት ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እንዲህ ነው። መጽሐፍም ይሁን፣ ማስታወቂያም ይሁን፣ የመድኃኒት ወረቀትም ይሁን፣ አንድ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ነው የጻፈው። ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ቆሟል? ለማን ነው የሚያወራው? ምን አስቀረ?»

«ኡስታዝ» አለች ልጄ፣ እንደ ልማዷ አፏን አታርፍም፤ «ሁለቱንም የጻፍከው አንተ ነህ። አንተስ የት ነህ?»

ደነገጥኩላት። እሱ ግን ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ሻይ እወዳለሁ» አለ። «ስለዚህ ሁለተኛውን አሳምሬ ጽፌዋለሁ። አያችሁ? እኔንም ዝም ብላችሁ አትመኑኝ።»

አትመኑኝ የሚል ሰው ይበልጥ አስፈራኝ። እንዲህ የሚል ወይ በጣም እውነተኛ ነው፣ ወይ ከአታላይ ሁሉ የባሰ ነው። የቱ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ፤ አንዳንዱ ተያዘ አለ፣ አንዳንዱ ተሻገረ አለ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ከመጀመሪያውም ሰላይ ነበር አለች። ሴትየዋ ይህን ስትል የት ቆማ እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ ልጆቹ ያመጡትን እያወጡ አነበቡ። አንዱ የፊት ቅባት ካርቶን ይዟል፤ «በሰባት ቀን ያነጣል» ይላል። ማን ነው የሚለው? የሚሸጠው። ምን አስቀረ? «አክስቴን ያቃጠላትን!» አለ። አንዷ የመድኃኒት ወረቀት፣ አንዷ የቤት አከራያቸው በር ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ። ሁሉም ከአንድ ቦታ የሚያይ ሰው አገኙበት። የኔ ልጅ ብቻ ባዶ እጇን ተቀምጣለች። «የኛ ቤት ወረቀት የለም» አለች ተራዋ ሲደርስ፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ። እኔ ያስጠናኋትን ነው የምትለው።

ስንመለስ አላናገረችኝም። ዴም እስክንገባ በጫማዋ ጠጠር እየመታች ሄደች። አሳዘነችኝ። ደግሞ፣ ምን ልዋሽ፣ ኩራትም መጣብኝ። የሰው ልጅ የቅባት ካርቶን ይዞ ሲመጣ የኔ ልጅ አንዲት ትልቅ ሴት እናቷን አመስግና የጻፈችውን ይዛ ብትሄድ? አስተማሪውም ያየው ነበር፤ እኔም ጠያቂ ያለኝ ሰው መሆኔን ያውቅ ነበር። ቤት እንደገባን ፌስታሉን ፈታሁና ሰጠኋት።

«አንብቢልኝ» አልኳት። «በአማርኛ አድርገሽ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ቆም እያለች ነገረችኝ።

«ለውድ እህቴ። አላህ በሰላም ይገላግልሽ። ይህችን ሐበሻ ልኬልሻለሁ። አራት ዓመት እኔ ዘንድ ሠርታለች። እጇ ንጹሕ ነው፤ አትሰርቅም።»

«አየሽ!» አልኳት።

«ምግብ ታውቃለች። ዝምተኛ ናት። ዕረፍት ከሰጧት ትወስዳለች፣ ካልሰጧት አትጠይቅም። ሲቆጧት መልስ አትመልስም። ፖሊስ ስለምትፈራ ከቤት አትወጣም። እዚህ አገር ማንም የላትም፤ የሚፈልጋትም የለም። ደስ ይልሻል።»

አበቃ። እኔ ገና «እጇ ንጹሕ ነው» የሚለው ላይ ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በአፏ ያላለችኝን ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ። «አየሽ ያን ሁሉ ምስጋና?» አልኳት። «እሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ይይልሽ አስተማሪሽ።»

ልጄ ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ከኋላው ምንም የለም። መልሳ ገለበጠችው።

«ዩማ፣ ለማን ነው የምታወራው?»

«ለእህቷ ነዋ።»

«ታዲያ ላንቺ አይደለም ምስጋናው።»

«ስለኔ አይደለም እንዴ?»

«ስለ ማጠቢያ ማሽን ነው የሚመስለው» አለች። «ድምፅ የለውም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ሲነኩት አይጮህም። ልክ እንደዚያ።» አልሳቀችም። «ሁሉም እውነት ነው። አንቺ መልስ አትመልሺም። ዕረፍት አትጠይቂም። ግን እህትየዋ ስታነበው ምን አድርጊ ነው የሚላት?»

«ምን ይላታል?»

«ዕረፍት አትስጪያት ይላታል።» ጣቷን መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈች። «ደግሞ ማንም የላትም ይላል። እኔስ?»

ልመታት እጄን አነሣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በጻፈችው ሴት ላይ መምጣት የሚገባው ንዴት በልጄ ላይ መጣ፤ ወይም በአስተማሪው ላይ። እጄን መልሼ ወረቀቱን ቀማኋት። «ይሄ አስተማሪሽ ነው ያበላሸሽ!» አልኳት። «ሰው ደግ ነገር ሲያደርግ መርዝ ፈልጉበት ብሎ ያስተማራችሁ። ተማሪ እንዳይቀንስበት ነው! እኛ ፖርት ሱዳን እንዳንሄድ ነው!»

«ኡስታዙ ፖርት ሱዳን እንደምንሄድ አያውቅም።»

«ማን ነግሮሽ ነው የማያውቀው?»

የምለው ነገር ለራሴም ትክክል እንዳልሆነ እያወቅኩ ነው የምለው።

ማዳሟን እዚህ ላይ ጨካኝ አድርጌ ብቻ ላልፋት አልፈልግም። ወባ ሲያጣድፈኝ በራሷ መኪና ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት፤ መርፌውን እስክወጋ እጄን ይዛኛለች። ረመዳን ላይ ከገበታዋ የተረፈውን ሳይሆን ለልጄ ብላ ለብቻው አስቋጥራ ትልክልኝ ነበር። ልጅ እንዳለኝ ታውቃለች ማለት ነው። ይህም ነው የከነከነኝ። ረስታ ነው አልኩ። ስለ ሥራ ስትጽፍ ልጅ ትዝ አይላትም አልኩ። ለእህቷ በቃል ነግራታለች አልኩ። ጎረቤቴም «ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ምን ያደርግሻል? ሂጂ፣ እዚህ ከሻ ሲያሯሩጥሽ ከመክረም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ብረት በር ከኋላዬ ተዘግቶ፣ ማንም ኢቃማ ሳይለኝ ማደር። ስንት ጊዜ ነው የተመኘሁት።

ቅዳሜ ሥራ ሄድኩ። ማዳሟ ሳሎን ሶፋ ላይ ሆና ለሕፃኑ የገዛችውን ልብስ ታጣጥፋለች። ወለሉን እየወለወልኩ ቀረብኳት። እንዳላነበብኩ ሆኜ ለመጠየቅ ሌሊቱን ቃሉን ስመርጥ ነው ያደርኩት።

«ማዳም፣ ወረቀቱ ላይ ልጄን ጽፈሻታል?»

«የምን ወረቀት?»

«ለእህትሽ የምሰጠው።»

«ጽፌያታለሁ እንጂ፣ ዋላሂ!» አለችኝ፤ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሣ። «ከነልጇ ነው የምትመጣው ብያለሁ።»

ዋላሂ አለች። መወልወያውን አጥብቄ ያዝኩት። ልጄ ነበረች የዋሸችኝ? ልጄ አትዋሽም። የዋሸችው በአላህ ስም የማለችው ናት። እዚያች ደቂቃ ላይ ነው በመጀመሪያ ፍርሃቴ ቦታ የቀየረው። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ውጭውን ነበር።

«እንግዲያ ስሟ የት ጋ እንደሆነ አሳዪኝ» አልኳት፤ ሣቅ ለማለት እየሞከርኩ። «ላሳያት። ስሟ ፖርት ሱዳን ሲሄድ ደስ ይላታል።»

ከፌስታሉ አውጥቼ ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ። ወደ ወረቀቱ እያየች ትንሽ ቆየች። «አይ፣ ይሄኛው የመጀመሪያው ነው» አለች። «ሌላ ነበር የጻፍኩት፤ ይሄን ነው የሰጠሁሽ? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ አሁን እጨምራታለሁ።» ከቦርሳዋ እስኪርብቶ አወጣች። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፤ አልፈጀባትም። እጇ አያመነታም። «በይ፣ ይኸው። ገባች። አሁን ደስ ይበልሽ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

መስመሩ ከሌላው ረዘም ይላል። ስም ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ይረዝማል? ቀኑን ሙሉ ሳህን ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ጡቴ ሥር ይኮሰኩሰኛል።

ማታ ወደ ቤት ስገባ ልጄ ሻንጣውን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ለዒድ የገዛሁላትን ቀሚስ ለመንገድ ብላ ለብቻው አስቀምጣዋለች። የተጻፈውን ሰጠኋት። መብራቱ ሥር ቆማ አነበበችው፤ አንዴ ለራሷ፣ ከዚያ ለኔ።

«ሴት ልጅም አብራት አለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጤነኛ ናት። ትምህርት የላትም፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ትውላለች። ሕፃኑን ለመያዝ ከአሁኑ አልምጃት።»

የዚያን ዕለት የአስተማሪውን ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝና «አሁን ገብቻለሁ፣ ዩማ» አለችኝ። ከዚያ ሄዳ ሻንጣውን ከፈተች፤ ሁለቱን ደብተሮቿን አወጣችና አልጋው ሥር አደረገቻቸው። የምንሄድ መስሏታል። እኔም ገና አልወሰንኩም ነበርና ምንም አልነገርኳት። ሥራው ከሄደ ኪራዩ አለ፣ ኢቃማው አለ፣ ከሻው አለ። ደግሞ ያነበበችው እሷ፣ የማምነው እኔ፤ እናት ሆኜ በልጅ ዓይን ብቻ ሕይወቴን ልቀይር? ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነጋ።

እሑድ ጧት ብቻዬን፣ ሻንጣ ሳልይዝ አርካዊት ሄድኩ። «ቆዪ፣ ሄጄ ሰዓቱን ጠይቄ እመጣለሁ» አልኳት ለልጄ። ምን እንደምል እስከ በሩ ድረስ አላውቅም ነበር። ሾፌሩ ዕቃ እየጫነ ነው፤ የሕፃን አልጋ፣ ፍራሽ፣ ካርቶኖች። ለኔና ለልጄ ከካርቶኖቹ መካከል ቦታ ትተውልናል። ያቺን ቦታ አየኋት። ልጄ እዚያ ተቀምጣ ታየችኝ።

ማዳሟ ወጣች። «ሻንጣሽስ? ልጅሽስ?»

«አልሄድም፣ ማዳም።»

«ምን?»

«አልሄድም። ልጄ ትማራለች።»

«እዚያስ ትማራለች አላልኩሽም?»

ዓይኗ ከፊቴ ወደ እጄ ወረደ። ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤዋለሁ፤ ከፌስታሉ አውጥቼዋለሁ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ማን አነበበልሽ?»

ልጄ ብል ምን ይሆናል? ትምህርት የላትም ብላ ጽፋለች። ልጅቷ እንደምታነብ፣ ያውም እንዴት እንደምታነብ ይህች ሴት ማወቋ አስፈራኝ። የምደብቀው ትልቁ ንብረቴ እሱ ሆኖ ተሰማኝ።

«ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንድ ሰው» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሰው? ሐበሻ ነው? የት ነው የሚሠራው?»

«አላውቀውም።»

«የቤቴን ነገር ለማታውቂው ሰው ሰጠሽ? አራት ዓመት በሬን ከፍቼልሽ?»

«አዎ፣ ማዳም።»

በእኔ ነው ወይስ በዚያ በሌለው ሰው የተናደደችው፣ አልገባኝም። እጇን ዘረጋች። «ወረቀቱን ስጪኝ። የኔ ነው።» ሰጠኋት። አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ሂድ፤ ማንም አይመጣም። ካርቶኖቹን ወደፊት ስባቸው።» ለኔ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ኢቃማውን ወንድሟ ያሳድሰዋል ያለችውንም በዚያው አልጠየቅኳት።

ተመልሼ ስገባ ረፍዷል። ልጄ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተቀብታ፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ልትሸኘን ትጠብቃለች።

«መኪናው መጣ?» አለች ልጄ ተነሥታ።

«ሄደ።»

«ጥሎን?»

«እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት።»

ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አብደሻል እንዴ አንቺ? ነገ የት ልትሠሪ ነው?»

«የነገውን ነገ አያለሁ፤ አሁን የዛሬው ነው» አልኳት። ለልጄ «ደብተሮችሽን ከአልጋው ሥር አውጪ» አልኳት። «ዛሬ ጧት ሒሳብ የላችሁም?»

«ዩማ፣ ጀምረዋል እኮ። ግማሹ አልፏል።»

«ግማሹ ይበቃሻል። ያላ።»

«በዚህ ቀሚስ?»

«በሱ ሂጂ።»

ጎንበስ ብላ ደብተሮቿን ሳበች፤ አቧራቸውን በእጇ ጠረገች። ከግቢው ስትወጣ መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፣ መልሼ እንዳልጠራት እየፈራች፤ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሮጠች። እኔ ግራና ቀኝ መንገዱን አየሁ፤ ፖሊስ አልነበረም። ገብቼ ሻንጣውን መፍታት ጀመርኩ።